አበበ ቢቂላ ከ10 ዘጠኝ፣ አያቱ ከ10 አራት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ የሰው ማመልከቻ ግን ስንቱን ታይፕ አድርጌያለሁ፣ እንጀራዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ሁለት ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ኪቦርዷ ላይ ኤ ሚለው ፊደል የተፋቀባት አንዲት ኮምፒውተር፣ ደንበኛ ሚቀመጥባቸው ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በቃ ይሄው ነው። ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ትምህርት ጥራት ሚጻፈውን ሰው ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ጸሐፊዎቹ ሁሌ ከላይ ነው ሚያዩት፣ ፖሊሲ ፍኖተ ካርታ ምናምን፣ እኔ ደግሞ ከኮፒ ማሽኑ መስታወት በኩል ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ምን እንደሚመስል ከመምህሩ ቀጥሎ ማውቀው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወርክሺቱ፣ ሾርት ኖቱ፣ ሚዱ፣ ፋይናሉ፣ የግሩፕ አሳይመንቱ ሁሉም በኔ እጅ ነው ሚያልፈው። አዲሱ ስርአተ ትምህርት የገባ ሰሞን መጽሐፉ ታትሞ ስላልደረሰ ወላጅ ሁሉ ከቴሌግራም ያወረደውን ፒዲኤፍ በፍላሽ ይዞ እየመጣ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል፣ እኔም ገጽ ሳገላብጥ ሳገላብጥ አነበብኩት። መጽሐፉ እኮ አይከፋም። እያንዳንዱ ዩኒት ላይ ሊስኒንግ አለ፣ ስፒኪንግ አለ፣ ሪዲንግ፣ ቮካብለሪ፣ ግራመር፣ መጨረሻ ላይ ራይቲንግ። ከጓደኛህ ጋር ተነጋገር ይላል፣ ስላየኸው ነገር አንድ ፓራግራፍ ጻፍ ይላል። ከዛ ወደኔ ሚመጣውን ወርክሺት አይ፣ ከዚ ሁሉ ውስጥ ግራመሩ ብቻ ተመንጭቆ ወጥቶ ክፍት ቦታ ሙላ ሆኗል። ሊስኒንጉን መምህሩ ከመምህር መምሪያው ላይ ነው ድምጹን ከፍ አርጎ ማንበብ ያለበት፣ መምሪያው ከሌለ ሊስኒንግ ሚባለው ገጽ ዝም ብሎ ይታለፋል። ልጄን ጠይቄያታለሁ፣ 7ኛ ናት፣ «ሊስኒንግ አልፈነው ነው ምንሄደው፣ ፈተና ላይ አይመጣም» ነው ያለችኝ፣ እንደ ተራ ነገር።

እሺ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ጥቅምት ላይ ነው፣ ከሰአት ፈረቃ ሊገባ ሲል አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ መጣ፣ ቀጭን ነው፣ ቦርሳው አንድ ማንገቻ ብቻ ነው የቀረው።

«ማዘር፣ አሳይመንት አውጪልኝ።»

(ማዘር ነው ሚሉኝ ሁሉም፣ እንግሊዝኛ ከተባለ ይቺም ትቆጠር።)

«የምን?»

«የእንግሊዝኛ። ስለምታደንቁት ሰው አንድ ፓራግራፍ ጻፉ ተብለናል።»

«ማንን ነው ምታደንቀው?»

«ማንም ይሁን፣ ብቻ ገጹ ይሙላ።»

ይሄ እንግዲ ለኔ አዲስ አይደለም። አበበ ቢቂላ ኮምፒውተሬ ላይ ዴስክቶፕ ላይ ነው ሚቀመጠው፣ ከሱ ቀጥሎ ማዘር ቴሬዛ አለች፣ ሁለቱንም አንዴ ከኢንተርኔት አውርጄ ፎንት አስተካክዬ በየአመቱ እሸጣቸዋለሁ። አበበ ቢቂላ በፈረንጅ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን አሸነፈ፣ 1964 ቶኪዮ ላይ ደገመ፣ አልቆ፣ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ስሙን ከላይ ይጽፍበታል፣ 10 ብር። የዛን ቀን ብቻ ከሱ በፊት አራት ልጅ አበበን ወስዷል። ፕሪንት ልለው ስል መብራት ጠፋ።

ቆመን ጠበቅን፣ አልመጣም። «እስከዛ ቁጭ በልና በእጅህ ሞክረው፣ ሲመጣ አወጣልሃለሁ» አልኩት። ስለማን ልጻፍ አለ፣ ቤታችሁ ማን አለ አልኩት፣ አያቴ አለ። ምን ትሰራለች፣ እንጀራ ትሸጣለች። ታደንቃታለህ ስለው ዝም አለ፣ ከዛ «በሌሊት እኮ ነው ምትነሳው» አለኝ። እሱን ጻፍ አልኩት። ወንበሩ ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አርጎ ግማሽ ሰአት ያህል ጻፈ፣ መሃል ላይ «ጭስ በእንግሊዝኛ ምንድነው» ብሎ ጠየቀኝ፣ ሌላ አልጠየቀም። መብራት ሲመጣ የጻፈውን ኮፒ አርጌ አንዱን አስቀረሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። አሁን ፊቴ ነው ያለው፣ በኛ ፊደል ልጻፍላችሁ፦

«ማይ ግራንድማዘር ሴል እንጀራ። ሺ ኢዝ ዌክ አፕ 10 ኦክሎክ ናይት። ስሞክ ኢዝ ሲክ ሀር አይ። ሺ ኢዝ ባይ ማይ ኤክሰርሳይስ ቡክ። ኢፍ ዘ እንጀራ ኢዝ ኖት ፊኒሽ ሺ ኢዝ ሳድ ባት ዊ ኢት።»

እኔ የመጨረሻዋን ሳነብ ሳቄም እንባዬም ነው የመጣው። እንጀራው ካላለቀ ታዝናለች፣ እኛ ግን እንበላለን ነው ሚለው እኮ። ስህተቱ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ስህተቱን ቀስ ብላችሁ ብታዩት ከዝም ብሎ አይደለም የመጣው። «ጭሱ አይኗን ያማታል» ብሎ በአማርኛ አስቦ ነው ስሞክ ኢዝ ሲክ ሀር አይ ያለው፣ በኛ ቋንቋ ህመም ነው ሰውየውን ሚያመው፣ ረሀብ ነው ሚርበው፣ በነሱ ደግሞ ሰውየው ራሱ ነው ህመምተኛ ሚሆነው። 10 ኦክሎክ ናይት ያለው ከሌሊቱ 10 ሰአት ነው፣ ፈረንጅ ቢያነበው ሴትዮዋ ገና ሰው ሳይተኛ ትነሳለች ይላል፣ ስድስት ሰአት ቀንስና 4 ብለህ ጻፍ ያለው ሰው የለማ። ይሄ ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ቦርድ ላይ ቢወጣ እኮ ለስልሳ ልጅ ትምህርት ነበር፣ ስልሳውም ያው እንደሱ ነው ሚያስበው።

በሳምንቱ ልጁ ተመልሶ መጣ፣ ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠልኝ። ከ10 አራት። ከስር በቀይ «ግራመር» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፣ የትኛው ጋ እንደተሳሳተ ግን ምንም የለም። ጓደኞቹ፣ እነ አበበ ቢቂላ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ አግኝተዋል። «ማዘር፣ አየሽ አይደል፣ ብታወጪልኝ ኖሮ ዘጠኝ ነበር» አለኝ። ተቆጥቶኝ ነበር፣ እውነቱን ነው። ለሚቀጥለው አሳይመንት ማዘር ቴሬዛን በ10 ብር ገዝቶ ሄደ፣ ምን ልበለው።

አሁን መምህሩን ልወቅስ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ቲቸርም ደንበኛዬ ነው፣ የሚድ ፈተና ሊያሳትም ሲመጣ ጠየቅኩት፣ እንዴት ነው ነገሩ አልኩት። ሳቀ። «ማን እንደጻፈው አላውቅም መሰለሽ? አይደለም ማን እንደጻፈው፣ ከየትኛው ኮፒ ቤት እንደወጣ አውቃለሁ፣ ፕሪንተርሽ በቀኝ በኩል ጥቁር መስመር ታወጣለች» አለኝ። አፈርኩ። ከዛ ቁጥሩን በጣቱ ቆጠረልኝ፣ አምስት ሴክሽን አለው፣ በየሴክሽኑ ስልሳ ልጅ፣ ሶስት መቶ ፓራግራፍ ማለት ነው፣ አንዱን በሶስት ደቂቃ ቢያየው እንኳን 900 ደቂቃ፣ 15 ሰአት። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ቆሞ አስተምሮ ማታ ደሞዙ ስለማይበቃው ሰው ቤት እየሄደ ያስጠናል፣ መቼ ነው 15 ሰአት ቁጭ ብሎ ሚያርመው። ንጹህ የሆነውን ዘጠኝ፣ የተዝረከረከውን አራት፣ አይኑ ባረፈበት ነው እንጂ አንብቦት አይደለም። «ስለዚ ቾይዝ ነው ሚሻለኝ፣ ቾይዝ ሶስት መቶውን በአንድ ማታ እጨርሳለሁ» አለኝ። ፍርዱን ለናንተ ልተው፣ እኔ መልስ አልነበረኝም።

ግን ቾይዙስ ምን ያሳያል? ይሄን ልጅ ስለማውቀው በዛው ሰሞን የሰራውን የእንግሊዝኛ ቴስት አሳየኝ አልኩት። አንዱ ጥያቄ «ሺ ባዶ ቦታ ቱ ስኩል ኢቭሪ ዴይ» ነው፣ ኤ ጎ፣ ቢ ጎዝ፣ ሲ ጎይንግ፣ ዲ ጎን። ልጁ ቢን አክብቧል፣ ትክክል። ከሱ በታች ያሉትንም ስድስት ሰባቱን አግኝቷል። ያው ራሱ ልጅ ነው እንግዲ በዛው ሳምንት «ማይ ግራንድማዘር ሴል» ብሎ የጻፈው። ማክበብ ላይ ኤስ እንደሚጨመር ያውቃል፣ ስለ ገዛ አያቱ ሲጽፍ ግን ኤሷ የለችም። እና ይሄ ልጅ እንግሊዝኛ ያውቃል ወይስ አያውቅም? ሪፖርት ካርዱ ላይ 70 ምናምን ነው ያለው፣ እናትየው 70 ስታይ ልጄ ጎበዝ ነው ብላ ነው ምትተኛው።

እኛ አዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ የአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። እስከ 6ኛ በአማርኛ ሲማሩ ቆይተው 7ኛ ላይ ሂሳቡም ሳይንሱም በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆናል። ልጄ አምና ጎነ ሦስት ስትል የነበረችው ዘንድሮ ትራያንግል፣ የጋራ አካፋይ የነበረው ኮመን ፋክተር፣ ብርሃን አስተጻምሮ ፎቶሲንተሲስ። ሂሳቡን አባቷ ሲያስረዳት በአማርኛ ወዲያው ነው ሚገባት፣ ጥያቄውን ራሷ አንብቢ ስትባል ግን ጥያቄው ምን እንደሚል ነው ማታውቀው፣ ቁጥሮቹን ብቻ መርጣ ትደምራቸዋለች። ሌላው ጋ ይብሳል ይባላል፣ እንደ ኦሮሚያና ትግራይ ባሉ ክልሎች እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻቸው ነው ሚማሩት፣ 9ኛ ላይ በአንዴ ይጋፈጡታል፣ ለነሱማ የ7ኛና የ8ኛ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቸኛው ድልድይ ነው። ከዛ 12ኛ። የ2014ቱ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ከመቶ 3.3 ናቸው ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት፣ በቀጣዩ አመት 3.2። ያኔ ሁሉም ሰው ኩረጃው ስለቆመ ነው አለ፣ ልክ ነው ሊሆን ይችላል፣ ግን ልጁ መልሱን ከማጣቱ በፊት ጥያቄው ገብቶት ነበር ወይ ብሎ ሚጠይቅ ብዙ አልሰማሁም። ፊዚክሱም ታሪኩም እኮ በእንግሊዝኛ ነው ሚመጣው።

እኛ ድሮ ጎበዝ ነበርን ልል አይደለም። እኔ ኤ ቢ ሲ ዲን ያየሁት 3ኛ ክፍል ነው፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሚለው የ1986ቱ ፖሊሲ ገና አልመጣም ነበር፣ እንግሊዝኛዬም ይሄው ኮፒ ቤት ድረስ ነው ያደረሰኝ። ግን 7ኛ ክፍል እያለን አርብ አርብ ዲክቴሽን ነበረን። ቲቸር አስር አረፍተ ነገር ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ከዛ ደብተር ከጎናችን ካለው ልጅ ጋር ተለዋውጠን ቦርድ ላይ እያየን እንተራረማለን፣ መምህሩ አንድም ደብተር ቤቱ አይወስድም። ናይፍ ሚለው ላይ ኬ አለ ሲባል ክፍሉ በሙሉ ጮኸ፣ ማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል ብለን፣ እኛ እንደተጻፈ ነዋ ምናነበው። (ይሄ እንኳን እውነት አይደለም፣ የኛም ፊደል ቢሆን ውሃ ዋናን ከዋናው መንገድ አይለይም፣ ማጥበቅ ማላላቱን ራሳችን ነን ምናውቀው፣ ግን ልጅ ሆነን ማን ያስበዋል።) ያቺን ኬ እስካሁን አልረሳኋትም። እጃችን ስለጻፈው ነው፣ አርባ ልጅ ስለጮኸበት ነው።

የግሉ ይሻላል ለምትሉ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ምትማርበት አንድ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራ 5 ብር ይቀጣል። ከተቀጣች በኋላ እረፍት ሰአት ላይ ምን ታወራላችሁ አልኳት፣ «ዝም ነው ምንለው፣ ወይ ሽንት ቤት ጋ ሄደን እናወራለን» አለችኝ። 12 አመቷ ነው። እንግሊዝኛ ተማረች ወይስ ዝምታ፣ እንጃ።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ስልክ ያለው ልጅ እኔ ጋ መምጣት ትቷል፣ ስለ አያትህ ጻፍልኝ ካለው ስለማያውቃት አያት አንድ ገጽ ይጽፍለታል፣ በሚያምር እንግሊዝኛ፣ ጭስ የሌለባት አያት። ገበያዬ ቀንሷል፣ ስለሱ አላለቅስም። ግን በእጃችሁ ጽፋችሁ አምጡ ማለት ብቻውን አይሰራም፣ ከስልኩ እያየ በእጁ ይገለብጠዋል፣ ሲገለብጡ አይቻለሁ፣ እዚሁ ወንበሬ ላይ።

እኔ ምለው ቀላል ነው፣ ቀላል ስለሆነ ይሆናል ማይሰራ። አንደኛ ነገር ልጆቹ ክፍል ውስጥ ይጻፉ። ያቺ 40 ደቂቃ ውስጥ፣ ስልክ በሌለበት፣ አምስት አረፍተ ነገር ብቻ፣ ስለሚያውቁት ነገር፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ይሁን ስለ ቡሄ ይሁን። ቲቸር ሶስት መቶውን አያርም፣ በሳምንት አንድ ሴክሽን ብቻ ይውሰድ፣ ስልሳ በሶስት ደቂቃ ሶስት ሰአት ነው፣ አምስት ሳምንት ላይ ሁሉም ይዳረሳል። እሱም ከበዛ ከያንዳንዱ ወረቀት አንድ ስህተት ብቻ ያክብብ፣ አንድ፣ ያቺን ብቻ ልጁ አስተካክሎ መልሶ ይጻፋት። አንድ ለአምስት ተብሎ የተደራጀው ግሩፕ ስም መጥሪያ ከሚሆን እሱንም እርስ በርስ ማንበቢያ ማረግ ይቻላል። ሚኒ ሚዲያው በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ከኢንተርኔት የወጣ የፈረንጅ ጥቅስ ከሚያነብ የአንድ ልጅ ፓራግራፍ ያንብብልን፣ ጥቅሱንም ያው እኔ ነኝ ማትምላቸው።

ሁለተኛው ደግሞ ለሚመለከታቸው ነው። የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ላይ አንዲት ፓራግራፍ በእጅ ሚጻፍ አስገቡ። ከመቶ አስር ትሁን፣ አምስትም ትሁን። ማረም ከባድ ነው ትላላችሁ፣ አዎ ከባድ ነው፣ ግን ፈተናው ላይ ከገባ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ራይቲንግ ማስተማር ይጀምራል፣ ወላጁም ይጠይቃል፣ እኔም ሚመጣልኝ ወርክሺት ይቀየራል። ፈተና ላይ የሌለ ነገር ክፍል ውስጥም የለም፣ ልጄ ስለ ሊስኒንግ ነግራኝ የለ።

በኔ በኩል ማረገውን ልናገር። ከኛ ትምህርት ቤትም ይሁን ከሌላ፣ ልጆች ክፍል ውስጥ በእጃቸው የጻፉትን ይዞ ለሚመጣ መምህር አርብ አርብ ከሰአት እስከ 30 ገጽ በነጻ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ጠርዛችሁ ላይብረሪ አስቀምጡት፣ እንደፈለጋችሁ። ሰኔን አይጨምርም፣ ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ቶነሬን ይጨርሰዋል። ለቲቸርም ነግሬዋለሁ፣ አስብበታለሁ ብሎኛል፣ ፕሪንተሯን መጀመሪያ አሰሪያት አለኝ።

እንጀራ አሁን ከልጁ አያት ነው ምገዛው። ሌሊት 10 ሰአት ይነሳሉ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፣ «አይ ልጄ፣ ጾም ሲሆን ዘጠኝ ነው» አሉኝ። የልጁን ወረቀት በላሚኔሽን አርጌ ኮፒ ማሽኑ በላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አራቷን ሸፍኜ። አበበ ቢቂላን ከዴስክቶፑ አጥፍቼዋለሁ። ማዘር ቴሬዛ ግን አለች፣ የሱቅ ኪራይ አለብኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ኮፒ ቤት ያላት፣ ከአዲስ አበባ